ጫፋቸው ያልተቀደደ አራት ትኬቶች

«አባባ፣ መካከል ይሁንልዎ ዳር?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሰናይት ናት፤ ከሲኤምሲ የካ አባዶ ድረስ መጥታ፣ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ፣ ትንፋሿ ገና ሳይረጋ። ስልኳን ዓይኔ ሥር አስጠጋችልኝ። ትናንሽ አራት ማዕዘኖች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። አረንጓዴዎቹ ባዶ ወንበሮች፣ ግራጫዎቹ የተያዙ ናቸው አለችኝ። ዱባይ ውስጥ ያለ ቴአትር ቤት ነው። ቦሌ ካለው ቢሮዋ የዓመት ፈቃድ ወስዳ እኔን ይዛ አምስት ቀን ልትሄድ አስባለች። የመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ፎቅ ላይ መውጣት፣ ሁለተኛው ቀን በጀልባ መንሸራሸርና አሮጌውን ገበያ ማየት፣ ሦስተኛው ቀን ቴአትር። ሁሉንም ከነሰዓቱ ጽፋዋለች፤ እኔ ደረጃ ላይ ቆሜ የማርፍበት ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ። ግን አልነገርኳትም።

«እናትሽ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ቴአትር?» አልኳት።

«ሦስት ወር ነው የቀረው፣ አባባ። ወንበሩ ደግሞ አሁን ካልተያዘ ያልቃል።»

«ጥቁር ለብሶ ቴአትር የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እሺ፣ አባባ» አለች። ሰናይት ስትቆጣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። እንደ እናቷ «እሺ» ትልና ነገሩን ባለበት ትተወዋለች። በዚህ ቤት እንዲህ የተተወ ብዙ ነገር አለ።

ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። በመጨረሻው ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኗን ገልጣ «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «ሐኪሙ ነገ ጠዋት ይመጣል» አልኳት። ጥቂት አየችኝና «እሺ» አለች። ስለ ሐኪሙ እንዳልጠየቀችኝ ያኔም ገብቶኝ ነበር። የገባኝን ነገር እንዳልገባኝ አድርጌ ማለፍ የጀመርኩት ግን ያን ቀን አይደለም። የጀመርኩት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ልክ እንደ ሰናይት ፕሮግራም አውጥቼ፣ ቤተሰቤን ትልቅ ከተማ ላሳይ የተነሣሁ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነበር። እኔ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጥ ነበርና፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ ግድግዳውን አንብቤ ጨረስኩት። ግማሹ ጋዜጣ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር ዛሬም ጽሑፍ ገልብጠው ቢሰጡኝ ሳልቸገር አነባለሁ። ብቻውን የተማረ ሰው ሁለት ጠባይ ያወጣል። ያወቀውን አጥብቆ ይይዛል፤ ያላወቀውን መጠየቅ ደግሞ ሞቱ ነው። በመጀመሪያው ጠባይ ልጆች አሳድጌበታለሁ። በሁለተኛው ምን እንዳጠፋሁበት ነው አሁን የምጽፈው። በቤቴ ከጥፋት ሁሉ የከፋው ውሸት ነበር። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ምሕረት ያገኛል፤ «እኔ አልሰበርኩም» ያለ ግን ግድግዳውን እያየ ይንበረከካል። እኔ እያወቅኩ የዋሸሁበትን ቀን አላስታውስም ነበር፤ ይህንንም ለልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸው ነበር።

አስካለ የሬዲዮ ሰው ነበረች። እሑድ ድራማ በሚተላለፍበት ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም አይተነፍስም። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ አልሆን ሲል በጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ድራማው እስኪያልቅ ብቻ እንዲቆይላት። ተዋንያኑን የምታውቃቸው በድምፅ ነው። አንድ ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ክፉ ባል ወይም ርስት የሚነጥቅ አጎት እየሆነ የሚሠራ። «ይሄ ሰውዬ የእውነት ክፉ ነው ወይስ ያስመስላል? ፊቱን አንድ ጊዜ ባየው እለየው ነበር» ትል ነበር።

«ለማያውቁት ሰው ማልቀስ ምን ሥራ ነው?» እላታለሁ እኔ።

«ሥራ ባይሆን ትኬት ይሸጡበት ነበር? አንተ ብሎን ስትፈታ ማን ከፍሎ ያይሃል?» ትለኛለች፤ ልጆቹም ይስቁብኛል። አስካለ ቀልደኛ ነበረች። ይህን የማያውቁ ብዙ ዘመዶች አሉን፤ ምክንያቱም በኋላ በኋላ ቀልዷን እየቆጠበች መጣች።

በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ከእኔ ለራሷ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ወስጄ ቴአትር እንዳሳያት። በአንዱ ዓመት፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ፣ ቆረጥኩ። ካምፓችን ውስጥ በየሳምንቱ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ የሚወርድ ሹፌር ነበር። የአራት ሰው ትኬት አስቀድሞ እንዲገዛልኝ ላክሁት። ሮዝ ወረቀት፣ በማኅተም የተመታ፣ የረድፍና የወንበር ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈበት፤ ጫፉ ላይ በር ላይ የሚቀደድ ነጠብጣብ መስመር አለው። ለአንድ ሰው ሦስት ብር። በሦስት ብር ያን ጊዜ ሥጋ ተገዝቶ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። አስካለ ትኬቶቹን ተቀብላ ዳዊቷ ውስጥ አስገባቻቸው፤ እስክንሄድ ድረስም ስንቴ እንዳወጣቻቸው እንጃ። እኔ ደግሞ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አስምሬ ፕሮግራም አወጣሁ። ቅዳሜ፣ ስድስት ኪሎ፣ አንበሶች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ቦሌ፣ አውሮፕላን ሲነሣ ማየት። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ በስምንት ሰዓት ቴአትር። ሰኞ መርካቶ፣ ማክሰኞ መመለስ። ከእያንዳንዱ ቦታ ፊት ለፊት ምን ትምህርት እንደሚገኝበት ጽፌ ነበር። ከአንበሶቹ ትይዩ «ኃይል ያለው ሰው አይጮኽም» ብዬ ጽፌያለሁ። ከቴአትሩ ትይዩ የምጽፈው አጣሁና ባዶ ተውኩት።

ለጉዞው አስካለ ሰማያዊ የቴትረን ቀሚስ አሰፋች፤ ነጭ ኮሌታ ያለው፣ ወገቡ ላይ በጨርቅ ቀበቶ የሚታሰር። ባለ ተረከዝ ጫማ ከጎረቤት መምህርት ተዋሰች። ሰፍቷት ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቃበት ግቢ ውስጥ ስትለማመድ «ተይ፣ እንደ ግመል ግልገል ሆንሽ» አልኳት። «አዲስ አበባ ስደርስ እንዲህ የምትለኝ ከሆነ አላውቅህም እላለሁ» አለችኝ። ሰናይት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ታናሿ ብርሃኑ ስድስት። አዲስ ኮንጎ ጫማ ገዛሁላቸው። እኔ ካኪ ኮትና ሱሪዬን በከሰል ካውያ አስተኮስኩ።

ያረፍነው የአጎቴ ልጅ ወርቁ ቤት፣ መገናኛ ነበር። ለዛሬ ሰው መገናኛ ማለት ጩኸት ነው፤ ያኔ ጥቂት ሱቆች፣ የባሕር ዛፍ መደዳና ዝናብ ሲጥል ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ነበር። ቅዳሜ ፕሮግራሙ ደቂቃ ሳይዛነፍ ሄደ። አንበሶቹን አየን። ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ የትዝታ ዘፈን ያሰማ ነበር፤ አስካለ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልሄድም ብላ ቆመች፣ እኔም ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። ቦሌ ከአጥሩ ውጪ ብዙ ቤተሰብ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አውሮፕላን ይጠብቃል። በስሙኒ አይስክሬም የሚሸጥ ሰው ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ ብርሃኑ አይስክሬሙን ጥሎ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ፤ አስካለ ሳቀች፣ ነጩን ኮሌታዋን ይዛ ጮክ ብላ ሳቀች። ዛሬ ያን ሣር የያዙት ሆቴሎች ናቸው። በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ሳቋን የምሰማው የት ቦታ ላይ እንደሆነ ለማግኘት እሞክራለሁ፤ ግን ሁሉም መስታወት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወርቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እማማ ብርቄ አረፉ፤ ትናንት ተቀብረዋል፤ አሁን ነው የሰማሁት» አለኝ። እማማ ብርቄ የመካኒክነት ሥራ ያስተማረኝ የጋሽ ደምሴ እናት ናቸው። በጉርምስናዬ ሦስት ዓመት ገርጂ ቤታቸው እንጀራቸውን በልቻለሁ። አስካለ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ድንኳኑ ለሦስት ቀን ይቆማል አይደል? ነገ ጠዋት ብንደርስስ?» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ሰኞ የነበረን ፕሮግራም መርካቶ ብቻ ነው። እኔ ግን «የጋሽ ደምሴ እናት አፈር ሳይደርቅ እኔ ቴአትር ቤት ልሳቅ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?» አልኩ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ አዲስ መስመር አሰመርኩ። በአራት ሰዓት ተኩል ለቅሶ፣ በስድስት ሰዓት መነሣት፣ በስምንት ሰዓት ቴአትር። አስካለ ሰማያዊ ቀሚሷን እንደለበሰች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከናነበች። ትኬቶቹ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው።

ወርቁ «ቆይ ልምራችሁ፤ ገርጂ አንተ የምታውቃት ገርጂ አይደለችም» አለ።

«ያደግኩበትን ቤት በመሪ አልሄድም» አልኩት።

ገርጂ ስንደርስ ግን እውነቱን ነበር። አዳዲስ ቤት ተሠርቷል፣ ምልክት የማደርገው ትልቅ ግራር የለም። ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ ተመላለስን። አስካለ «ያቺን ሴትዮ ልጠይቃት?» አለች። «አያስፈልግም» አልኩ። ወዲያው ድንኳን አየሁ፤ የለቅሶ ድምፅም ሰማሁ። ሰው ሳልጠይቅ በመድረሴ ደስ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኩ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ያልኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። መካከል ላይ ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠው ፎቶግራፍ የአሮጊት አልነበረም። ከራባት ያሰረ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነው። ዙሪያዬን አየሁ። ጋሽ ደምሴ የለም፤ የማውቀው ሰው አንድም የለም።

በዚያች ደቂቃ ተነሥቼ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብል ኖሮ ማንም አይቀየመኝም ነበር። የእግዜር እንግዳ ብለው እንዲያውም የእነ እማማ ብርቄን ቤት ያሳዩኝ ነበር። ግን ሚስቴና ልጆቼ ፊት፣ «በመሪ አልሄድም» ባልኩ በግማሽ ሰዓት፣ ያን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ትንሽ ተቀምጬ በዘዴ እወጣለሁ አልኩ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ «ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉኝ። «ከደብረ ብርሃን» አልኩ። ይህ እውነት ነበር። ሽማግሌው ግን ብድግ አሉ። «ከደብረ ብርሃን መጡ! የሰሎሞን አከራዮች መጡ!» ብለው ጮኹ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ።

ሰሎሞን ያሉት ያ ወጣት መምህር ኖሯል። ደብረ ብርሃን ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ሰሜን ከሄዱት ጋር ሄዷል። አስከሬን የለም፤ የመጣው ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ቤት ይገባ ነበር፤ ሰውም ብዙ አይጠይቅም። እናቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እየተንገዳገደች መጣችና አስካለን አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ልብሱን ማን ያጥብለት ነበር? ራቱን በጊዜ ይበላ ነበር?» አለቻት። አስካለ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። ከዚያ «ንጹሕ ነበር፣ እናቴ። ንጹሕ ልጅ ነበር» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ንገረን፣ ልጃችን እንዴት ያለ ነበር?»

እኔ፣ ልጆቼን ለአንድ ብርጭቆ የማንበረክክ ሰው፣ ቆሜ ተናገርኩ። «ጨዋ ልጅ ነበር። ሻማው እስኪያልቅ ያነብ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ሳይቀር ያነብ ነበር» አልኩ። እናቱ «አዎ! ከልጅነቱ! ከልጅነቱ እንዲያ ነው!» ብላ ጮኸች። ለማላውቀው ሟች የራሴን ሕይወት ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ያኔ ብርሃኑ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ፣ በአግዳሚዎቹ የተደረደረውን ሕዝብ እያየ፣ «አባባ፣ ቴአትሩ ይሄ ነው?» አለኝ። ጆሮውን ቆነጠጥኩት። ልጁ አለቀሰ፤ ሰዎቹም «አይዞህ፣ ያውቀው ነበር መሰለኝ» ብለው እቅፍ አደረጉት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። እንነሣ ስል «ከደብረ ብርሃን መጥታችሁ እህል ሳትቀምሱ!» ብለው አስቀመጡን። ሰባት ሰዓት ሆነ። እናቲቱ የአስካለን እጅ አልለቀቀችም። የእውነተኞቹ አከራዮች ይመጣሉ ብዬ ሰው በገባ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሰዓቴን በእጅጌዬ ከልዬ አያለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከነጠላዋ ሥር የወጣውን ሰማያዊ ቀሚስ ጫፍ አየሁ፤ ቀና ስል አስካለ እያየችኝ ነበር። ስታለቅስ የቆየችው ለልጁ ይሁን ለቴአትሩ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

መንገድ ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ» አለች። የተዋሰችውን ጫማ አወለቀችና በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ ጭቃውን መሄድ ጀመረች። እኔም፣ ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዤ ትምህርት ሰጠሁ። ቴአትር ሁልጊዜ ይገኛል፣ ያዘነ ሰውን ማጽናናት ግን ጊዜ አለው አልኳቸው። ወርቁ «አገኛችሁት?» ሲለኝ «አገኘን» አልኩ። ወደ ጋሽ ደምሴ ለመሄድ ደግሞ የቀኑን ነገር መናዘዝ ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቤተሰቤን ይዤ ተመለስኩ። ጋሽ ደምሴ አዲስ አበባ እንደነበርኩ ሰማ። «እናቴ ስትሞት ለአንበሳ ጊዜ አገኘ፣ ለእኔ አጣ» አለ አሉ። እስኪሞት ድረስ ሰላም አላለኝም። ደብተሬ ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

አስካለ ለመሆኑ ገብቷት ነበር? ይህን ስንት ዓመት አሰብኩ። ምናልባት ከዚያው ቤት ሌላ ሰው የሞተ መስሏት ይሆናል እላለሁ። ምናልባት ኀዘን ያናወዛቸው መስሏት ይሆናል እላለሁ። ልጠይቃት ብል መጠየቁ ራሱ መናገር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚህ ከተማ መጥተን፣ ከገርጂ በአንድ ታክሲ በሚደረስ ቦታ እየኖርን፣ ቴአትር ቤቱ ሁለት ታክሲ ብቻ ርቆን፣ አንድ ቀን እንኳ «ነይ እንሂድ» አላልኳትም። ቴአትር የሚለው ቃል ከተነሣ ያ እሑድ አብሮ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። እሷም አንድ ቀን አላነሣችውም። ሬዲዮውን ግን ተወችው። ቴሌቪዥን ስትገዛልን ሰናይት «ድራማ አለው እኮ፣ እማዬ» ስትላት «ዓይኔ ደከመ» አለች። ሰው መስዬ ኖሬያለሁ፤ ለዕድር ቀድሜ የምደርስ፣ ልጆች የማስተካክል። የሌላውን ጥፋት በሚዛን ስለካ ኖሬ የራሴን አንድ ዓረፍተ ነገር አልተናገርኩም።

ሰናይት ስልኳን ከደፋች በሳምንቱ፣ ለሐኪም ቀጠሮ በመኪናዋ ይዛኝ ስትሄድ፣ ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ግራና ቀኝ ፎቅ ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ገና እየተቆፈረ ቢጫ መኪና አፈር ያወጣል። ድንኳኑ ቆሞ የነበረው እዚያ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያን ቀንም አልነበርኩም። አሥር ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀስንም። ሰናይት «እዚህ ሰፈር ትራፊኩ መቼም አይሻሻልም» ብላ አማረረች። እኔ ግን አፈሩን እያየሁ «ሰናይት፣ ያን ጊዜ ድንኳኑ የእማማ ብርቄ አልነበረም» አልኳት።

ሞተሩን አጠፋችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስለ ፎቶግራፉ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ማወቄን፣ አፍሬ መቀመጤን፣ በሐሰት መመስከሬን፣ መንገድ ላይ የሰጠኋቸውን ትምህርት። ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብናል፤ አልሰማችም። ስጨርስ ከኋላ ወንበር ቦርሳዋን አነሣች፣ ከውስጡ የእናቷን ዳዊት አወጣች፣ ከዳዊቱ መካከል ሮዝ ወረቀት አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። አራት ናቸው። ቀለማቸው ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ቀዩ ቁጥር ግን ይነበባል። ጫፋቸው አልተቀደደም።

«እማዬ ናት የሰጠችኝ። 'ከነገረሽ ስጪውና ቴአትር ውሰጂው፤ ካልነገረሽ እንዳታስጨንቂው' አለችኝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«እንደገባችሁ ነው ያወቀችው፣ አባባ። ፎቶውን አይታለች። ልትነሣም ነበር፤ እርስዎ እንዳያፍሩ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት። ስለ ቴአትሩ ብዙም አልከፋኝም አለች። የዚያችን እናት እጅ ስለያዝኩ አልቆጭም አለች።»

«ታዲያ ምኑ ከፋት?»

ሰናይት መሪውን ይዛ ፊት ለፊት አየች። «አንድ ቀን ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ይኸው ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው ሳምንት።»

መንገዱ ተከፈተ። ሞተሩን አስነሣችና ቀስ እያልን ጉድጓዱን አለፍነው። ትኬቶቹን ገለበጥኳቸው፤ ከጀርባቸው በእርሳስ የአስካለ ጽሑፍ አለ። እያንዳንዱ ላይ የየራሳችን ስም ተጽፏል። እሷ ወንበራችንን ሳይቀር አከፋፍላ ኖሯል፤ እኔን ከዳር፣ ራሷን ከአጠገቤ፣ ልጆቹን ከወዲያ። ጽሑፏን እንደዚያ ቀን በደንብ አይቼው አላውቅም። እሷን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ በዚያው ግድግዳ ላይ።

መገናኛ ልንደርስ ስንል ሰናይት «ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ላድርገው፣ አባባ» አለች። «ወንበሩን ግን ዛሬ ልያዘው። መካከል ይሁን ዳር?»

«ዳር» አልኳት። «ተሳስቼ ከገባሁ ቶሎ ተነሥቼ እንድወጣ።»

ሰናይት አልሳቀችም። እናቷ ብትሆን ትስቅ ነበር።